በቀይ የተሳለው ሦስተኛው ሳጥን

ውድ ረሻድ፣

ቁጥርህን ቀይረሃል፤ የእናትህ ስልክም ከማክሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ዕቃህን አጋሮ ያደረሰልህ ሾፌሩ ገዳ ይሰጥሃል። ስድቡን ለኋላ አቆየው። መጀመሪያ የእናትህን የእትዬ ዙሀራን ቦርሳ ፈትሽና ከቀራንዮው ክሊኒክ የተሰጣቸውን ካርድ ቅደደው። «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም» ይላል።

የክሊኒኩን ሶፍትዌር ስንጀምር ጠዋት አንተ ስክሪኑን ወረቀት ላይ ትስላለህ፣ ከሰዓት እኔ ኮዱን እጽፋለሁ፣ አመሻሽ ላይ ነርስ ወለተጻድቅን አስቀምጠን እናስሞክራታለን። ኮዱ ከተለወጠ ሥዕሉም በዚያው ቀን ይለወጥ ነበር። «የማይስማማ መድኃኒት» ከሚለው ሥር፣ «አለ» እና «የለም» ከሚሉት ሳጥኖች ቀጥሎ «አልተጠየቀም» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ የሳልከው ለእናትህ ብለህ ነው። ፔኒሲሊን ተወግተው ጉሮሯቸው ሲዘጋ አይተሃል።

እኔ ጉደኛዋ ግን ሰለቸኝ። «ታካሚ የሚመዘግበው ኮዱ ነው እንጂ ወረቀትህ አይደለም» አልኩህ። ምላሴን በቆረጠው! «ዮዲ፣ ሥዕሉን ትተሽ ከሮጥሽ የሠራሽውን ራስሽም አታውቂውም» ብለኸኝ ወጣህ።

ከሄድክ በኋላ ወረፋው በዛ። የክሊኒኩ ሰዎች ሦስተኛው ሳጥን ሥራ ያጓትታል ሲሉኝ ከኮዱ አወጣሁት፤ የታለፈ ጥያቄ ሁሉ «የለም» ተብሎ እንዲመዘገብ አደረግሁ። ሥዕልህን ግን ከካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አላነሳሁትም። ነርሶቹ እሱን እያዩ፣ ያልጠየቁትን ሶፍትዌሩ ለይቶ ይይዝልናል ብለው ያልፉ ነበር።

ትናንት ወለተጻድቅ «ያልተጠየቁትን ዝርዝር አውጪልኝ፣ ልደውልላቸው» አለችኝ። ዝርዝር የለም። በእውነት የለብኝም ያሉትና ያልተጠየቁት ተደባልቀዋል፤ ከሶፍትዌሩ የታተመው ካርድም በየሰዉ እጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለሁሉም እየደወልን ነው። ሳንሱሲ ሰፈር ያለ አንድ ሰው «ለቅሶ ላይ ነን» ብሎ ዘጋብኝ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ደግሜ ደውዬ ለመጠየቅ ፈራሁ።

እትዬ ዙሀራ ማክሰኞ ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ሳል ይዟቸው ነበር። «ይታከሙ እንጂ!» ስላቸው ካርዱን አወጡ። «አጋሮ ስደርስ እታያለሁ ልጄ። ከእንግዲህ ለሐኪም ማስረዳትም የለብኝ፤ ረሻድ የሳለው ሁሉን ይዞልኛል» አሉኝ። እኔም ስቄ ሸኘኋቸው።

ራሴ እንዳልመጣ ገና ያልደወልንላቸው ብዙ ናቸው። ክሊኒኩ ወደ መዝገብ ደብተር ተመልሷል። ከእንግዲህ ሥዕሉን አጠገቤ ሳላስቀምጥ አንዲት መስመር ኮድ አልጽፍም፤ ይኸው ቃሌ።

ገዳ ነገ ጠዋት ይነሣል። እናትህ ግን ረቡዕ ገብተዋል፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ረሻዴ፣ ዕድሜ ልክህን ተቀየመኝ። ብቻ ደውልና «አልተወጉም» በለኝ።

ዮዲ
ቀራንዮ