ብቻዬን አልገባም

ጥቅምት 3
ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር ስሠራ ዋልኩ። ወገቤ የለም። አመሻሽ ላይ ከረጅሟ ጋር ሱቃችንን ዘግተን (ከሳሎኔ ጎን አትክልት የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት፣ በር ሁሉ ያስጎነብሳታል) በስፖርት አዳራሹ በኩል አለፍን። መረብ ኳስ! በመስኮት ብናይ አምስት ሴቶች ብቻ። ያን የሚያክል አዳራሽ ለአምስት ሰው... እጄን በላኝ። ተማሪ ሳለሁ ለመቺዎቹ ኳስ አቀባይ እኔ ነበርኩ እኮ።

ገብተን ጠየቅን። የክለቡ ሊቀመንበር ከላይ እስከ ታች አየን። የዓመቱ ክፍያ ባንዴ፣ መለያና ጫማ ከክለቡ ብቻ፣ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል፣ አለን። ረጅሟ ደግሞ ልጇን የምትተውላት ሰው የላትም። "ጌታዬ፣ እኛ ልንጫወት እንጂ ቤት ልንገዛ አልመጣንም" አለችው። መንገዱን ሙሉ ስንስቅ መጣን። ቤት ስገባ ግን ሳቁ የት ሄደ?

ጥቅምት 9
ከሳሎኑ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ገመድ ወጠርን። ልብስ ሰፊዋ መጣች፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ መጣች... ስምንት ሞላን። ጠጠሩ አያስሮጥም። ረጅሟ በዕድሜዋ ኳስ ነክታ አታውቅም፤ ዘላ ስትመታት ግን ሁላችንም ሸሸን። "አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜሽን በድንች ጨረስሽው!" አልኳት።

ጥቅምት 21
የጥርስ ሐኪሟ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ደንበኛዬ ናት፣ የክለቡ ሴቶች ቡድን አምበልም እሷው ናት። "ከጀርባ ስትጫወቺ አየሁሽ" አለችኝ። ስድስተኛዋ ተጫዋች ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄዳለች። ጨዋታው ኅዳር መጨረሻ ነው። እስከዚያ ስድስት ካልሞሉ ሳይጫወቱ በፎርፌ ይሸነፋሉ... ቡድኑም ይፈርሳል። "አንቺን በነፃ እናስገባሽ። ሊቀመንበሩም እሺ ብሏል።" ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ጫማው ሁሉ በነፃ!
"ረጅሟስ? ሌሎቹስ?"
"እሱ እንኳ አይሆንም። ደንቡ..."

ጥቅምት 22
ባሌ "ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ!" አለ። ረጅሟ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ሂጂ፣ እኛ በመስኮት እናጨበጭብልሻለን" አለች፣ ያውም ከልቧ። እሱ ነው የገደለኝ።

ጥቅምት 23
ለሐኪሟ ደወልኩ። "ብቻዬን አልገባም" አልኳት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ኅዳር 2
የክለቡ ጠቅላላ ስብሰባ። የጋበዘችን ሐኪሟ ናት። ስምንታችንም ሄድን። በለዘበ አንደበት ልናገር ብዬ ስለማመድ ሰንብቼ ነበር... ሊቀመንበሩ "ክለቡ ደረጃ አለው" ሲል ደሜ ፈላ። "የምን ደረጃ? ፎርፌ ነው ደረጃ?" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።
"ክፍያው ከቀነሰ የአዳራሹን ኪራይ ማን ይከፍላል?" አለ። እሱስ እውነቱን ነው።
"ጥቂት ሰው ብዙ ከሚከፍል፣ ብዙ ሰው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢከፍልስ? ምንም የሌላት መረብ ትሰቅላለች፣ ወለል ትጠርጋለች። ልጆቹን ተራ ገብተን እንይዛለን። ጫማው ንጹሕ ይሁን እንጂ ከየትም ይምጣ!" አልኩት።
ሐኪሟ ብድግ አለች። "እነሱ ካልገቡ እኔም ወጥቻለሁ።" ኧረ ሴት!
በዚህ የተስማማ እጁን ያውጣ ተባለ። ከሊቀመንበሩና ከሁለት ሰዎች በቀር ሁሉም አወጣ። ረጅሟ አቅፋ ከመሬት አነሳችኝ፣ ጎኔን እስካሁን ያመኛል። አሸነፍን... አሸነፍን!

ኅዳር 17
ሊቀመንበሩ የረጅሟን ልጅ እሽኮኮ አድርጎ አዳራሹን ሲዞር አየሁት። እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ።

ኅዳር 30
ጨዋታው ዛሬ ነበር። ሐኪሟ ተሰላፊዎቹን ጠራች። ረጅሟ አለች። ልብስ ሰፊዋ አለች። እኔ የለሁም! "በልጠውሻል፣ አትቀየሚኝ" አለችኝ። ቀናሁ፣ ለራሴ ምን እዋሻለሁ? ግን ያ ቅናት ረጅሟ የመጀመሪያዋን ኳስ እስክትመታ ነው የቆየው። መጨረሻዋንም እሷው መታች። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። በገዛ ክለባችን፣ በገዛ አዳራሻችን አሸነፍን!

ቤት ስገባ ባሌ "እህሳ፣ ተጫወትሽ?" አለ።
"የት አባቴ! የተቀያሪዎቹ ወንበር እንኳ ሞልቶ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት" አልኩት። እየሳቅኩ።