ለኮንጋ ጤና ኬላ የሚሆን ስዊች

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬም ደክሞኛል። የኮንጋ ጤና ኬላ ኔትወርክ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። የተከልኩት ስዊች፣ ኔትወርኩን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የሶላሩን ባትሪ እየጨረሰ የክትባቱን ፍሪጅ ሊያጠፋው ሲል፣ ነርሷ ሲስተር አበራሽ ነቅላ አስቀመጠችው። ደግ አደረገች። ያንን ባለ ማራገቢያ ትልቅ ስዊች የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ጄኔሬተር ባለው ቢሮ ቁጭ ብዬ።

ጠዋት ዲላ ገበያ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡት ሐጂ ሸሪፍ ጋ ሄድኩ። ትንሽ ኃይል የሚወስድ፣ ማራገቢያ የሌለው ስላቸው ሁለት አዳዲስ አሳዩኝ።

"የቱ ይበረክታል?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ያልሞከርኩትን እንዴት ብዬ ልማልልሽ?" አሉና የሱቃቸው ካሜራዎች የተሰኩበትን አቧራ የለበሰ፣ ማራገቢያ የሌለው ስዊች ነቀሉልኝ። "ይሄ አራት ዓመት ሠርቶልኛል። አዲሱን ለእኔ ተዪው፤ እኔ ልሞክረው።"

ከሰዓት በኋላ ኮንጋ ወስጄ ገጠምኩት። ሲስተር አበራሽ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ እንደሆነ "ባትሪው ሌሊቱን ያደርሰናል?" ብላ ጠየቀችኝ። ባለፈው ጊዜ "አታስቢ" ብያት ነበር።

"አላውቅም" አልኳት ዛሬ። "ጠዋት የባትሪውን ቮልት አይተሽ ደውዪልኝ።"

"እንደሱ በይኝ እንጂ!" አለችና ወንበር ሳበችልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ገና መቀመጤ ነበር።