በሬው እኔ ቤት ይደር

ማክሰኞ

አልፈረምኩም። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ፣ ክዳኑን ነቀልኩ፣ ወረቀቱን አነበብኩ፣ ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። ሮቤል ዓይኑ ፈጠጠ። ዓምና ቢሆን አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ጫን አድርጌለት ነበር። ዘንድሮ ግን እኔ እንድሪስ የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ! ከመርሳ እስከ ወልድያ መንገድ ዳር የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሁሉ አንብቤዋለሁ። የሚቀረኝ አዲስ እስኪለጠፍ መጠበቅ ነው።

ሮቤል ወልድያ ኮምፒውተር የሚያስተምር የሰው አገር ልጅ ነው። «ስታርታፕ» የሚሉትን አዲስ ድርጅት አቋቁሟል። ጁስ ቤቶች እሱ በሠራው የስልክ አፕ ማንጎ ያዛሉ፣ እኛ ግራና ቀበሌ ካሉ ገበሬዎች አንስተን እናደርሳለን። ወረቀቱ የሚለው የማንጎ ድለላዬን ትቼ እንድገባ ነው። ደመወዜ አሁን ከማገኘው ግማሹን ያህላል። በቀረው ፈንታ ከድርጅቱ ድርሻ አለኝ፤ እሱም የሚሰጠኝ በአራት ዓመት ቀስ በቀስ ነው። ዓመት ሳይሞላኝ ከወጣሁ ባዶ እጄን።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ስታርታፕ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለኝ።

ሌባም ሁሉ በጓሮ ነው የሚገባው፣ አልኩ በሆዴ።

ማዕረግም ሰጥቶኛል፤ የኦፕሬሽን ኃላፊ። ለሚስቴ ለዘምዘም በኩራት ነገርኳት። «የማን ኃላፊ? ካንተና ከሱ ሌላ ማን አለ?» አለች። ይቺ ሴት ዘንድ ደስታ አይበረክትም።

ረቡዕ

ግራና፣ ማንጎ ሲለቀም ዋልኩ። ገበሬዎቹ ሮቤልን «ያ መነጽር» ነው የሚሉት። እኔ ከሌለሁ አንድ ፍሬ አያወርዱለትም። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የገበሬዎቹን ስልክ፣ የማን ማንጎ መቼ እንደሚደርስ፣ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ፣ ማን ብር ካላየ እንደማይነቃነቅ፣ ሁሉንም ቀድሜ ዘርግፌለት አፑ ላይ አስገብቶታል። ሃያ ዓመት በእግሬ ኳትኜ ያገኘሁትን! ያኔ «ኮምፒውተርህ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን አይችለውም» እያልኩ ስኮፈስ ነበር። ቻለው። ይቺ አፌ!

ማታ ላይ ደግሞ ጀማል፣ አብሮኝ የሚደልለው፣ «መነጽርህን ሐራ ከተማ አየሁት» አለኝ። «ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ጋር ሻይ ይጠጣል። ‹ሥራውን መቼ ትጀምራለህ?› ይሉታል። አንተ ማንጎህን ታቅፈህ ቀረህ፣ አቶ ኃላፊ!»

ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርሴ ብቻ ነበር የሳቀው።

ሐሙስ

ያልገቡኝ ነገሮች፦

እኔ ብወጣ ባዶ እጄን ነው፤ እሱ ቢወጣስ? ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለሱ አንዲት መስመር የለም።

ትናንት ሁለቴ ደውሎ «አሰቡበት?» አለኝ። ምን አስቸኮለው?

ዛሬ እኔ ስደውል «ክፍል ውስጥ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ከጀርባው ግን የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል። ረዳቱም ይማራል ማለት ነው?

«ለምን አትጠይቀውም?» አለች ዘምዘም።

«ይዋሸኛላ።»

«እንግዲያ ጥርጣሬህን በሽሮ ብላው» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አጎቴ ሼህ ይማም ዘንድ ሄድኩ። በእርሻ የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት በሳቸው ነው። «አያ፣ አንቱ ዘንድ ጉዳይ ይዤ መጣሁ» ብዬ ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ጎረቤት እንዲሰማም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ይኼማ መቀናጆ ነው» አሉ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬያቸውን ጠምደው ማሳቸውን ተራ በተራ እንደሚያርሱት ማለታቸው ነው። «የማን ማሳ ቀድሞ ታረሰ?»

ገበሬዎቼን ለአፑ መዘርገፌ ትዝ አለኝ። «የሱ፣ አያ።»

«ያንተስ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያ በሬው አንተ ቤት ይደር። ቀድሞ የታረሰለት ሰው፣ የባልንጀራው ማሳ እስኪያልቅ በሬውን ባልንጀራው በረት ያሳድራል። እኛ እንዲያ ነው የኖርነው። አለዚያ በጠዋት ነድቶት ሌላ ዘንድ ይቀናጃል።»

መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። የሮቤል በሬ ምንድን ነው? ላፕቶፑ ነዋ! ወላሂ፣ የኔን ጭንቅላት የያዘ ሰው የለም።

ቅዳሜ

ወልድያ ሄጄ «ላፕቶፕህ እኔ ቤት ይደር» አልኩት። የመቀናጆውንም ነገር አስረዳሁት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ አፑ እኮ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ላፕቶፑን ጅብ ቢበላው አፑ አይነካም።»

«አውቃለሁ፤ ልፈትንህ ብዬ ነው» አልኩ። አላውቅም ነበር። «በሬህ ታዲያ ምንድን ነው?»

ሳቁን አቆመ። «እኔ ራሴ ነኝ መሰለኝ።»

«እና በሬው ሐራ ምን ሊግጥ ሄደ?»

እውነቱን አወጣ። ሰዎቹ አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ አቅርበውለታል፤ እሺም እምቢም አላለም። «ለምን ደበቅኸኝ?» ስለው «ይሸሹኛል ብዬ» አለ። «አራት ዓመት ያልኩትም ገበሬዎቹን ይዘው ወደ ድለላው እንዳይመለሱ ፈርቼ ነው።»

ለካ እሱም እኔን ሲጠረጥር ነበር! እኔን! ተናደድኩ፤ ትንሽ ደስም አለኝ።

«እኔ ላይ የጻፍኸውን አንተም ላይ ጻፈው» አልኩት።

ላፕቶፑን ከደነው። «እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ» አለ።

ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት አንድም ማስታወቂያ አላነበብኩም።

እሑድ

መጣ! አዲስ ወረቀት ይዞ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ።

ዘምዘም እየሰማች አነበብኩት። የሱም ድርሻ በአራት ዓመት ሆኗል። ዓመት ሳይሞላ ከወጣ እሱም ባዶ እጁን። የገበሬዎቹም ነገር ያለኔ ፈቃድ ለማንም አይሰጥም። እሱ ፈረመ። እኔም ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ፤ መስመሩ አልበቃኝ ብሎ ወደ ጠርዙ ወጣሁ።

ላፕቶፑን አቀበለኝ። «አፑ ባይኖርበትም ይደር። ለሼሁ ይንገሩልኝ። ማሳዎ እስኪታረስ በስልኬ እሠራለሁ።»

«ለአዲስ አበባዎቹስ ነገርካቸው?»

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

ነገ! ለምን ዛሬ አይሆንም?

እንደሄደ ላፕቶፑን ከፈትኩት። በራ፣ ብልጭ አለ፣ ጠፋ። ቻርጀሩን ብፈልግ የለም። በሬ አምጥቶ ሣሩን ማስቀረት ምን ይባላል?

«ረስቶት ነው» አለች ዘምዘም።

ደወልኩለት። «ውይ! ነገ ከሰዎቹ ጋር እንደጨረስኩ ይዤው እመጣለሁ» አለ።

ላፕቶፑን በሽርጤ ጠቅልዬ የማንጎ ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ጀማል ደውሎ ነገ ለድለላ ስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ሲጠይቀኝ «እነግርሃለሁ» ብዬው ዘጋሁ። ድለላውን መተዌን አልነገርኩትም።

ቻርጀሩ ይምጣና እነግረዋለሁ።