ድልድዩ እንዴት እንደተያዘ ሲጠይቁ የኖሩት መምህርት የሕይወት ታሪክ

እሑድ ኅዳር 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከትልቁ ድልድይ አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አባታቸው በድልድዩ ራስ ላይ በነበረው የቀረጥ ቢሮ ጸሐፊ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው የተወለደው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

በዚያ ቤት ስለ ጦርነቱ አይወራም ነበር። ሬዲዮው ጉዳዩን ካነሳ አባታቸው ብድግ ብለው ይዘጉታል። ምግብ ሲቀርብም ሁልጊዜ ድልድዩን ለሚያሳየው መስኮት ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። እኅታችን በስድስት ዓመታቸው፣ "አባባ፣ ለምን ዞረህ አትቀመጥም? ወንዙ እኮ ያምራል" ቢሉ፣ እናታቸው በክርናቸው ጎሸም አድርገው፣ "አፍሽን ለምግቡ ክፈቺው" አሏቸው። እኅታችን አፋቸውን ለምግቡ ከፈቱ፤ ጥያቄው ግን ከውስጣቸው አልወጣም።

በ1949 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ፣ የታሪክ መምህሩ ከመማሪያ መጽሐፉ፣ "ጠባቂው ቦታውን ጥሎ በመሸሹ ድልድዩ በጠላት እጅ ወደቀ" የሚለውን አነበቡ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሦስተኛው ዴስክ ዞረ። የዚያ ጠባቂ ልጅ ከእኅታችን ጎን ተቀምጣ ነበር። አንዱ ከኋላ፣ "አንቺስ ሩጫ ላይ እንዴት ነሽ?" ሲል ሳቁ ክፍሉን አናወጠው። ልጅቷ ቀና ሳትል እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች፤ እርሳሱ እስኪያልቅ ቀረጸችው።

እኅታችን እጃቸውን አውጥተው፣ "ሲሸሽ ያየው ማነው?" አሉ።

"መጽሐፉ ነዋ!" አሉ መምህሩ።

"መጽሐፉ እዚያ ነበር?"

እስከ ደወሉ ድረስ በር ላይ ቆመው ተቀጡ። የሁለቱ ልጆች ጓደኝነት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልሳ ሰባት ዓመት ዘለቀ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1959 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ሆኑ፤ ሠላሳ አራት ዓመትም አስተማሩ። በ1961 ዓ.ም. ሰዓት ጠጋኝ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተር ይዘው ጦርነቱን ያዩ ሰዎችን ቤት ለቤት ይጠይቁ ነበር። ተማሪዎቻቸው "ሁለት ምስክር" የሚል ስም አወጡላቸው፤ ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ካልተናገሩ በስተቀር በደብተራቸው ላይ "እውነት" ብለው አይጽፉምና። ባለቤታቸውም፣ "እኔም ጦርነቱን አይቼ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜን ከሚስቴ ጋር አሳልፍ ነበር" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢ፣ "ጠባቂው የት ሸሸ? እዚያው ድልድዩ መሐል ተመትቶ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የቀረጡ ጸሐፊም በመስኮት ያይ ነበር" አሏቸው።

የቀረጡ ጸሐፊ አባታቸው ነበሩ።

እሑድ ሚያዝያ 6 ቀን አባታቸው ዘንድ ሄደው ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ታናሽ ወንድማቸው፣ "እትዬ፣ አሁን የገዛ አባትሽን ልትመረምሪ ነው? እባክሽ በሰላም ይሙት!" ብሎ ጮኸ። አባታቸው በእጃቸው ዝም አሰኙት። "ሲወድቅ አይቻለሁ" አሉ። "የጠባቂው አዛዥ ተጨማሪ ሰው ሳይልክ ቀርቶ ጥፋቱን የሚሸከምለት ይፈልግ ነበር። 'ሸሸ ብለህ ፈርም' አለኝ። እናትሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። ፈራሁ፤ ፈረምኩ።" እኅታችን ቃሉን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ብዕሩን ሰጧቸው። ብዕሩ ከወረቀቱ በላይ ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ቆየ። በመጨረሻ ፈረሙ።

በማግስቱ ወረቀቱ እኅታችን ካስቀመጡበት መሳቢያ ጠፋ። የወሰደው ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ አባቱ ሐሰተኛ ምስክር ተብለው እንዳይቀበሩ ብሎ። መጽሐፉ እንዲታረም ሲያመለክቱ ትምህርት ቢሮው፣ "ዋናው ካልቀረበ መጽሐፉ አይታረምም" አለ። አባታቸው በ1990 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ወረቀቱ ግን አልተመለሰም። እኅታችን ማን እንደወሰደው ያውቁ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ከወንድማቸው ጋር በአንድ ማዕድ ሲበሉ አንድም ቀን አልጠየቁትም። ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር እርሱ ላብ ያጠምቀው ነበር። የጠባቂው ልጅም በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቃቸው ነበር፤ መጽሐፉም እየታተመ ልጆች ያነቡት ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆዩ። ሊያርፉ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ ወንድማቸው ብቻውን አጠገባቸው ሳለ፣ "ወረቀቱ ያለው ደረቅ ቦታ ነው?" አሉት።

"አዎ፣ እትዬ።"

"እርጥበት ቀለሙን ያጠፋዋል" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ቀድመዋቸዋል። ሁለት ሴቶች ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና የስድስተኛ ክፍል ጓደኛቸው በሐዘን ቀርተዋል። ፈጣሪ እውነትን ሲፈልግ የኖረውን ነፍሳቸውን በብርሃኑ ይቀበል፤ ላዘገየባቸውም ወንድም ይቅርታን ይስጥ።

ሰኞ ጥር 20 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድማቸው ዋናውን ወረቀት ለትምህርት ቢሮው አስረክቧል። በመዝገብ ቁጥር 418 ገቢ ሆኗል።