ስምሽን ለብሼ የተጫወትሁበት ቀን

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? አባትሽ ጋሽ ከድር፣ እናትሽ፣ ታናሽሽ ናጂሃ ደኅና ናቸው? እኔ በእመቤቴ ጥበቃ ቆሜ እሄዳለሁ። ያንቺን እግር ግን በምን አፌ ልጠይቅሽ?

ከካምፓላው ውድድር ከተመለስሁ ሁለት ወር ሞላኝ። ስትደውዪልኝ ያላነሣሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት ቡሬ ድረስ መጥቼ ነበር። ከሱቃችሁ ማዶ ቆሜ፣ ጣቃ ልታወርጂ መሰላሉን በደኅናው እግርሽ እየተደገፍሽ ስትወጪ አየሁሽ። መንገዱን ሳልሻገር ወደ መናኸሪያ ተመለስሁ።

አሰልጣኝ ወንዳወቅ ለምሥራቅ አፍሪካ የሴቶች ሆኪ ውድድር ከከተማችን ወደ ብሔራዊ ቡድኑ የምትሄደው አንዲት ብቻ መሆኗን ነግረውን፣ አንቺን መረጡ። እኔን ተጠባባቂ አሉኝ። አንቺ ደስታሽን ዋጥ አድርገሽ፣ እኔ እንዳይከፋኝ፣ እዚህ ለትምህርት በተከራየናት ክፍላችን ውስጥ ስለ ፈተና ብቻ ስታወሪኝ ዋልሽ። ያ ደግነትሽ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ኳሷ በመካከላችን ወጣች። የሆኪ ዱላዬ ቁርጭምጭሚትሽን ሲያገኘው የወጣው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል። አሰልጣኙ ፀሐይ ዓይኗን ወግታት ነው አሉ፤ ልጆቹም እንደዚያው። እኔም አላረምኋቸውም። አንቺ እንኳ ባጃጅ ውስጥ ተጋድመሽ፣ እጄን ይዘሽ፣ አይዞሽ፣ ሳታዪኝ ነው ትይኝ ነበር። አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። እኔ የቆምሁት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ነው፤ ፀሐይዋ ጀርባዬን ነበር የምታሞቀው፤ እግርሽን በደንብ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ከድር ሆስፒታል እንደ ደረሱ ግንባሬን ስመው፣ «ልጄን ብቻዋን ስላልተውሻት አላህ ይክፈልሽ» አሉኝ። ያን ምርቃት ተቀብዬ ነው በአንቺ ቦታ አውሮፕላን የተሳፈርሁት።

ማሊያው ቀድሞ ታትሞ ስለነበር ስምሽን ጀርባዬ ላይ ለብሼ ተጫወትሁ። ሁለቱን ጨዋታ ተሸነፍን። በሦስተኛው፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ኳሷ ከግብ ጠባቂዋ እግር ተመልሳ እፊቴ ወደቀች። መታኋት፤ ገባች። ልጆቹ ተጠመጠሙብኝ። በድምፅ ማጉያ የተጠራሽው ግን አንቺ ነሽ፤ ሁለት ጊዜ ጠሩሽ። ሰው አጨበጨበ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ አልወጣሁም። ትናንት አሰልጣኝ ወንዳወቅ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እሳቸውም፣ «ለእኔ መንገርሽ ለእሷ ምን ያደርግላታል?» አሉኝ። ወደ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

ቅዳሜ ቡሬ እመጣለሁ። መጀመሪያ አባትሽ ፊት እቆማለሁ፤ ያሻቸውን ይበሉኝ። አንቺን ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ለናጂሃ ንገሪያት፣ ከበር ትመልሰኝ፤ አልቀየምሽም።

አላህ አጥንትሽን ይጠግንልሽ። ሩጫሽን ይመልስልሽ። ለእኔ ያሰብሽው መልካም ነገር ሁሉ ለራስሽ ይሁንልሽ።

ጓደኛሽ ነኝ፤ ቃሉን ብትሰርዥው መብትሽ ነው።