ሥረ ገደልን ማስለቀቅ

ሰኞ

የሥረ ገደል ሰዎች አንወጣም፣ እንቢ ብለዋል። ዛሬም። በተሰበሰቡ ቁጥር እንቢ ነው። ከመንደራቸው በላይ ያለው አፋፍ ባለፈው ክረምት ተሰንጥቋል፤ ዘንድሮ ውሃ ከገባበት መናዱ አይቀርም። በወረዳው የአደጋ ስጋት እቅድ ካርታ ላይ በቀይ የተቀባች ብቸኛዋ መንደር ሥረ ገደል ናት። የቀባኋት እኔ ነኝ። ሥራዬ ነው።

ስብሰባው ላይ ኃላፊያችን አቶ ደምሴ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና፣ «እሺ፣ ምን ቢሆን ነው የሚወጡት?» አለ። እኔ ዝም ማለት አልሆንልኝ አለ። «አምና በበጋ ቦኖው ሲበላሽ እኩሌቶቹ ውሃ አጥተው ሜዳው ላይ ዘመድ ጋ ወጥተው ነበር» አልኩ። መረጃ ነው የሰጠሁት። ይዘጋ አላልኩም።

«ተገኘ!» አለ።

«አቶ ደምሴ፣ ክረምት እኮ ነው።»

«ድፍርሱን ይጠጡና እናያለን።»

ቃለ ጉባኤው ላይ «አገልግሎትን ወደ አዲሱ ሰፈር ማዛወር» ተብሎ ተጻፈ። ያማረ አማርኛ።

ማክሰኞ

ሥረ ገደል ወረድኩ። መኪናው በጭቃው ምክንያት ከላይ መንገዱ ላይ ቀረ። ስንጥቁ ጋ ስደርስ እጄን እስከ ብብቴ ሰደድኩበት። መጨረሻ የለውም። ፈራሁ። መውጣት አለባቸው፤ በዚህስ ትክክል ነን።

እነ ሽፈራው ቤት ገባሁ። እሱ እሺ ካለ ሌላው ይከተላል ይባላል። ሚስቱ የሺ ጠላ ቀዳችልኝ። እሱ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ገብሱ ገና እሸት አልሆነም» አለኝ። «ጥሎት የወጣ ሰው ምን ይበላል? የናዳ እቅድ አላችሁ፤ የርሀብ እቅድ ግን የላችሁም።»

«እህል እንሰጣለን።»

«ማን? አንቺ?»

የሺ ልጇን አዝላ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔስ ዛሬውኑ በወጣሁ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ልብሴን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። እሱን ለእኔ ተዪልኝ። ትንሽ ታገሽኝ እንጂ አሳምነዋለሁ» አለችኝ። ደግሞ፣ «እዚያ ላይ ብርዱ እንዴት ነው?» አለች። ይበርዳል አልኳት። ሳቀች። «መንዝ ውስጥ የማይበርድ የት አለ?»

ወደድኳት።

ረቡዕ

ለአቶ ደምሴ ነገርኩት። ሚስትየዋ ልታሳምነው ነው፤ ጥቂት ቀን እንስጣቸው አልኩት።

«ዝናቡ ይታገሣል?» አለኝ።

ከሰዓት በፊት የውሃ ባለሙያው ወርዶ ቦኖውን ዘጋው። «ተበላሽቷል፤ ዕቃው ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ነው» እንዲላቸው ተነግሮታል።

አንድ ደግ ነገር፦ ለአዲሱ ሰፈር ድንኳኖቹ ተፈቀዱ። ብርድ ልብስ ግን የለም።

የሚያስጨንቀኝ፦ ዝናቡ። ሕፃናቱ። ድፍርስ ውሃ፣ ተቅማጥ። ምንጩ።

ምንጩ! ፈፋው ውስጥ፣ ልክ ከስንጥቁ ሥር ነው ያለው። በበጋ ይቀንሳል፤ በክረምት ግን ኩልል ያለ ነው። ቦኖው ከመሠራቱ በፊት ሁሉም ከዚያ ነበር የሚቀዱት። አሁን ወደዚያው ቢመለሱስ?

ሐሙስ

ለአቶ ደምሴ አነሣሁለት። «የት እንደሚቀዱ እኛ አንመርጥላቸውም» አለኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ከሰዓት ነፃ ነበርኩ። በእግሬም ቢሆን መውረድ እችል ነበር። ዝናቡን አይቼ ተውኩት። ገበያ ወጥቼ ጫማ አሰፋሁ።

ዓርብ

የሺ ሞተች።

ጠዋት ምንጩ ጋ ወርዳ ነበር። አፋፉ አልተናደም፤ አንድ አለት ብቻ ተፈንቅሎ መጣ። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ጮኸው ሸሹ። እሷ ጀሪካኗን ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ነው የደረሰባት። ልጁን ለአያቱ ትታው ነበር የወረደችው። ተረፈ።

አቶ ደምሴ ሲሰማ ራሱን ያዘ። እውነቱን ልጻፍ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አሁን ይወጣሉ» አለ።

ቅዳሜ

እዚያው መንደሯ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ከፍታቱ በኋላ አቶ ደምሴ ተነሥቶ ተናገረ። «ስንል የነበረው ይኸው ነው። ሌላ ሰው ሳይጨመር ውጡ።» ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሰማው።

ሽፈራውን ለብቻው አገኘሁት። «ቦኖው አልተበላሸም፤ ዘግተነው ነው። ነገሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኩት። እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ባለሙያችሁ ሲዘጋው ልጆቹ አይተውታል። ዘግቶ ሲያበቃ እኛ ቤት ነው ምሳ የበላ። እሷ ናት ያበላችው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ለማን እንናገር? ዘጊው እናንተ፣ ሰሚው እናንተ።»

ማክሰኞ

ወጡ። አንድም ሰው አልቀረም። በጎቹ፣ ዶሮዎቹ፣ አህያ ላይ የተጫነው የቤት እንጨት። አዲሱ ሰፈር ነፋስ የሚጫወትበት ሜዳ ነው፤ ድንኳኖቹ ሲራገቡ ዋሉ። አቶ ደምሴ ፎቶ አስነሣ።

የሽፈራው እናት እማማ አስካለ ልጁን በሱፍ ባና ጠቅልለው ይዘውታል። ጡት ፈልጎ ያለቅሳል። ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ ፊታቸውን አዞሩ። ለጎረቤታቸው፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ይህችም ከሴት ተወልዳለች?» አሉ።

ሐሙስ

አፋፉ ተናደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ቀን። ሥረ ገደል የለችም። ቤቱም ገብሱም የለም። ሰው ግን አልነበረባትም።

ከበላይ ተደውሎ «አርአያ የሚሆን እቅድ» ተባልን። አቶ ደምሴ የቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። «ሙሉ፣ ባንዘጋው ኖሮ ዛሬ የሁሉንም ሬሳ ነበር የምንቆፍረው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው የማያስተኛኝ። የሺ ጥቂት ቀን ብታገኝ አሳምና ታወጣቸው ነበር? ታወጣቸው ነበር። ምናልባት። አሁን ማን ያውቃል።

ዓርብ

ሰፈሩ ሄድኩ። ዱቄት ደርሷል። ብርድ ልብስ አልደረሰም። ዛሬ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል። አንዲት እናት «እግዜር ይስጣችሁ፣ አተረፋችሁን» ብለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ሽፈራው ጎርፍ እንዳይገባበት በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ይቆፍራል።

«ቤተ ክርስቲያኑም ሄዷል አሉኝ» አለ።

«ሄዷል።»

«መቃብሩም?»

«መቃብሩም።»

ዶማውን አቆመና ወደ ገደሉ አቅጣጫ አየ። «እንግዲህ ሁለት ጊዜ ተጫናት። አርባዋን የት ነው የማወጣላት?»

አላውቅም አልኩት። ነገ ቄሱን እጠይቃለሁ አልኩት። ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። ሌላ ዶማ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ የቆፈረውን ጭቃ በእጄ እየዛቅሁ አወጣሁለት። አላናገረኝም። ሂጂም አላለኝም።