የተመረገው ስንጥቅ

ባሕር ማዶ ሆላንድ ላለኸው ለናፍቆቴ ለወንድሜ ለገነነ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቀህ? ያ ሳልህ ተወህ ወይስ ደብቀኸን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም እንዳልል ግን የቤቱ ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት ያፈርኩባትን ልንገርህና ሳቅብኝ። ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጓሯችን ዋልካው በተሰነጠቀበት በሆዴ ተኝቼ ሰንበሌጥ እየሰደድኩ ጥልቀቱን ስለካ፣ አያ ቢሰጥ ከነበሬዎቻቸው ደረሱብኝ። ቆመው ቆመው "አንቺ እናኑ፣ ምን ጠፋብሽ?" አሉኝ። ወንድሜ የአፈርን ጉዳትና መዳን በኮምፒውተር እያሰላ ነው የሚማረው፣ ለእሱ ነው ብላቸው፣ "እኛ ወገባችንን የሚያይልን አጥተን ለአፈር ሐኪም ተገኘለት?" ብለው እስከ ወንዙ እየሳቁ ወረዱ።

የጻፍክልኝን እንደገባኝ ይዤዋለሁ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይገጥማል። ለዓይን የዳነ ይመስላል፤ የገጠመው ቦታ ግን እንደ ድሮው አይጠነክርም፣ በበጋ ተመልሶ እዚያው ይከፈታል። ከጥንካሬው ስንቱ ተመልሶ ስንቱ እንደሚቀር ነው ሒሳብህ የሚፈልገው። እምዬ የምትተኛበት ክፍል ግድግዳም የተሰነጠቀው ከሥሩ ያለው መሬት እያበጠ ስለሚኮማተር ነው ብለኸኛል። ስንጥቁ ዘንድሮ ካምናው ሰፍቶ ካገኘሽው፣ ክረምት ሳይገባ እምዬን ከዚያ አስወጫት ያልከኝንም አልረሳሁም። በአምናው ስፋት ልክ የቆረጥኩትን ሰንበሌጥ ጣሪያው ላይ ሰክቼ፣ ልደታ ስታልፍ ልለካ እየጠበቅሁ ነበር።

ምን ያደርጋል! ቡሬ ገበያ ውዬ ስመለስ ስንጥቁ የለም። አያ ቢሰጥ ለካ የግድግዳችንን ስንጥቅ አይተው አዝነውልኝ ኖሮ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ግቢያቸው ሲያቦኩ ሰንብተው፣ ሰፈሩን ለደቦ ጠርተው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መርገውታል። በእበት ለቅልቀው ጭምር! እምዬ በደስታ ትመርቃለች። እኔም እግዜር ይስጥልን እያልኩ፣ የሰካሁትን ሰንበሌጥ አውርጄ የምለካበት አጣሁ።

ልፋቀው? የሰው ድካም ነው። ዝም ልበል? እምዬ ከሥሩ ትተኛለች። በመጨረሻ ጎረቤታችን እትየ ወለተ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄጄ የሆዴን ዘረገፍኩ። እሳቸውም ከመራጊዎቹ ነበሩና መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ኋላ ግን "ታዲያ ቁስሉን ሳናጥብ ነጠላ አለበስነው በይኛ!" ብለው ሳቁ። መስፋት አለመስፋቱን አለማወቁ ራሱ ያስፈራል፣ እናትሽን ለእኔ ተያት አሉኝ። በዚያው ዕለት መጥተው፣ ልጄ መራዊ ሄዳብኝ ብቻዬን ቤቱ አስፈራኝ፣ እስከ መስቀል አብረሽኝ ክረሚ ብለው እምዬን ለመኗት። ለራሷ ቢሆን ንቅንቅ አትልም ነበር፤ ለሰው ሲሆን ጊዜ ቁርበቷን ጠቅልላ ሄደች።

እኔ ማድቤት አንጥፌ እተኛለሁ። ቀን ቀን ትልቁ ቤት ገብቼ ምርጊቱን በመዳፌ እዳብሰዋለሁ፤ ምንም አይነግረኝም። አንተ ባሕር ማዶ፣ እምዬ አጥር ማዶ። ወጥ ስሠራ ልኩ ጠፍቶብኝ ሁልጊዜ ይተርፋል። በአጥር ብጣራ እምዬ ትሰማኛለች፤ ግን ምነው ብትለኝ ምን እላታለሁ?

ሰማዩ በጅጋ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ዝናቡ ሲወርድ ምርጊቱ እዚያው ቦታ ቢተረተርም፣ ደህና ቢከርምም፣ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ። ያንተ ሒሳብ ቀድሞ ካወቀ ደግሞ እንዳላዝን ብለህ አትደብቀኝ።

አያ ቢሰጥ ያገርህ አፈር ደህና ነው፣ እኛንም ጠይቀን ብለውሃል። እትየ ወለተ ጊዮርጊስ እናትህን እንደ ዓይኔ እጠብቃታለሁ፣ አታስብ ይሉሃል። እምዬ ግንባርህን ስማሃለች። ስትጽፍላት ግን ከቤቷ የወጣችበትን ምክንያት አደራ እንዳታነሳባት፤ የሰው ብቸኝነት ልታስታምም የሄደች መስሏታል።

እህትህ እናኑ
ቡሬ ዙሪያ
ግንቦት 12 ቀን 1999 ዓ.ም